ከቁልቢ መልስ

ተነጋጋሪዎቹ አክስትና የወንድም ልጅ ናቸው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ሰዓቱ ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየያዘ በረንዳ የሚወጣበት ምሽት። አክስት ኦርቶዶክስ ናት፤ ዕድሜዋን በስፌት መኪና ላይ የጨረሰች። የወንድሟ ልጅ ፕሮቴስታንት ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በዴዌሌ መንገድ መኪናው ተገልብጦ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን በክራንች ነው የሚሄደው። ድሬ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ሃይማኖት ቢኖረው የሚገርመው ሰው የለም፤ ሁለቱ ይህን ሁሉ ተነጋግረው ሳይጣሉ ያደሩትም በዚህ ይመስለኛል። በድሬዎች ልማድ በመካከላቸው «አንቱ» የለም።

ልጅ፦ እቴቴ፣ እሑድ ቸርች ሄጄ ነበር።

አክስት፦ ጎሽ። ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?

ልጅ፦ ከአምልኮው በኋላ አንድ እንግዳ ሰባኪ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። «ተነስ» አለኝ። ክራንቹን ጥዬ ልቆም ሞከርኩ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እምነትህን ፈትሽ።»

አክስት፦ እኔ ብሆን «ብረቱን ፈትሽ» እለው ነበር። እግርህ ውስጥ ያለውን።

ልጅ፦ ቀልዱን ተይው አቦ። ሌሊቱን ሙሉ እውነቱን ይሆን እንዴ እያልኩ ነው ያደርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸልያለሁ፣ ዐሥራቴን አውጥቻለሁ፣ መሪ ጨብጬ እንኳ መዝሙር ነበር የምሰማው። ጎማው ሲፈነዳም መዝሙር እየሰማሁ ነበር።

አክስት፦ ጎማው አርጅቶ ነበር ብለኸኝ የለም እንዴ?

ልጅ፦ አርጅቶ ነበር።

አክስት፦ እንግዲያው ከእምነትህ በፊት እሱን ፈትሽ።

ልጅ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪኝ። የጎርፉ ዓመት ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነበርሽ። በእግርሽ ነው የሄድሽው። ትንሽ ልጅ ብሆን እንኳ ያኔ፣ ትዝ ይለኛል፤ እምነቱን ግንባሬ ላይ ቀብተሽኛል። ብዙም ሳይቆይ የደቻቱ ወንዝ ትንሿን አክስቴን ወሰዳት። ዛሬም ግን ቁልቢ ትሄጃለሽ። ምን ብለሽ ነው የምትሄጂው? ቤትሽን ላልጠበቀ ሰው ምን ይባላል?

አክስት፦ ይህን ጥያቄ እኔ ከአንተ በፊት ጠይቄዋለሁ። ለዚያውም እሱን ራሱን፣ ጮኼ።

ልጅ፦ ገብርኤልን?

አክስት፦ ገብርኤልንም፣ የላከውንም። ስማ። ደቻቱን ታውቀዋለህ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ነው ብትለው እንግዳ ሰው ይስቅብሃል። ያን ሌሊት ዝናቡ የወረደው ከላይ ነው፣ ከደንገጎ በላይ ካሉት ተራሮች። ሰው ተኝቷል። ቅዳሜ አልፎ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ውኃው ቤቱን፣ ግንዱን፣ መኪናውን፣ ሰውን አንድ ላይ ጠርጎ ወረደ። ከ250 በላይ ሞተ ተባለ፤ ያልተገኘው ሌላ ነው። እህቴ የምትኖረው ከወንዙ ዳር ነበር፤ ቤት ኪራዩ እዚያ ይረክሳልና። ደሃ ሁልጊዜ ውኃው በሚያልፍበት ነው የሚያርፈው፤ ይህን ደግሞ በእግዚአብሔር አላሳብብም፣ የኛው ሥራ ነው።

ልጅ፦ ከዚያስ?

አክስት፦ በማግሥቱ ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ ገባ። አስበው። ሰው ሬሳውን ሳይቀብር ጾም ገባ። ትምህርት ቤቱ ተፈናቃይ ሞላበት፣ ድንኳን ተተከለ። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ያን ፍልሰታ አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን ሲሄዱ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እኔ ቁጭ ብዬ «አናንያን፣ አዛርያን፣ ሚሳኤልን ከእሳት አወጣህ፤ እህቴን ከጎርፍ ማውጣት ምን ያቅትህ ነበር?» እላለሁ። መልስ የለም። እንደገና እጠይቃለሁ። አሁንም የለም።

ልጅ፦ ጸሎት አቋርጠሽ ነበር ማለት ነው።

አክስት፦ አየህ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አንድ አሮጌ ቄስ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጸሎት ማቆሜን ነገርኳቸው። ታዲያ ቀን ቀን ምን ትያለሽ አሉኝ። ስጮህበት ነው የምውለው አልኳቸው። ሳቁብኝ እኮ! ዳዊትም ግማሹን እንዲህ ነው የጸለየው አሉኝ። 87ኛውን መዝሙር ልብ ብለሽ አንብቢ ብለውኝ ሄዱ።

ልጅ፦ በኛ መጽሐፍ 88 ነው። አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ብርሃን የለውም፤ በጨለማ ነው የሚዘጋው። ሌሎቹ መዝሙሮች አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ ማመስገን ይመጣል፤ እሱ ግን አይመጣም። እኛ ጋ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

አክስት፦ ለምን?

ልጅ፦ እንጃ። እኛ የድል መዝሙር ነው የምንወደው። ፈውስ ያገኘ ይመሰክራል፣ ቪዛ የመጣለት ይመሰክራል። ያልተፈወሰ ሰው ማይክ ይዞ «አልተፈወስኩም፣ ግን አለሁ» ሲል አይቼ አላውቅም። የተጎዳ ሰው ምስክርነት እስኪኖረው ድረስ ጥግ ይይዛል።

አክስት፦ በኛ እንኳ ለሐዘን ቀን ተቆርጦለታል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሰሙነ ሕማማት አንድ ሳምንት ሙሉ ስግደት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር ይለብሳል፣ ሰላምታ እንኳ የለም። ለሚሞተው ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ሊሞቱ ለሚችሉት ሁሉ አስቀድሞ ሆሳዕና ዕለት ነው የሚፈታላቸው። በልጅነቴ ይህ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ሐዘንን አታሯሩጠውም። ትንሣኤው በራሱ ሰዓት ነው የሚመጣው፣ አንተ ስለቸኮልክ ማክሰኞ አይሆንም።

ልጅ፦ እሺ፣ መጮህሽ ጸሎት ነው እንበል። ወደ ቁልቢስ እንዴት ተመለስሽ?

አክስት፦ ወዲያው አይደለም። በዓመቱ ሐምሌ 19 ሲደርስ ጓደኞቼ ጎትተው ወሰዱኝ። ስለት የለኝም፣ የተሳልኩት ነገር የለም፤ ዝም ብዬ ሄድኩ። በታኅሣሥ 19 የሚነገረው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነው፤ የሐምሌው ግን የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው። ታውቀዋለህ?

ልጅ፦ በሥዕል አይቼዋለሁ። በጋን የፈላ ውኃ ውስጥ።

አክስት፦ እሱ ነው። ሕፃኑ ሦስት ዓመቱ ነው። ውኃው ሲንተከተክ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል ይላል ድርሳኑ። እናቱ ፈራች። ይህን ልብ በል፣ ኢየሉጣ ቅድስት ናት፣ ግን ፈራች፤ ያጽናናት ልጁ ነው። ከዚያ ገብርኤል ወርዶ ውኃውን አበረደው። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ አላልኩም። ቆሜ ምን አሰብኩ መሰለህ? ጥር 15ን።

ልጅ፦ ጥር 15 ምንድን ነው?

አክስት፦ ቂርቆስ ነዋ! ያው ሕፃን፣ ከነእናቱ፣ በሰይፍ የተገደለበት ቀን። በስንክሳሩ አለ፤ በየዓመቱ ይነበባል፤ እኔም በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም ነበር። ከፈላው ውኃ የወጣ ልጅ ከሰይፉ አልወጣም። ያው ልጅ! ያው አምላክ! ሐምሌ ላይ እልል ብለን ጥር ላይ ደግሞ ሰማዕት ብለን እናከብረዋለን፤ አንዱን ቀን ከሌላው አናስበልጥም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት የሐምሌውን ብቻ ነበር።

(እዚህ ላይ ጥቂት ዝም ተባብለዋል። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። እኔም ድርሳኑንና ስንክሳሩን እንደዚህ ጎን ለጎን ሲያነባቸው የሰማሁት ሰው አልነበረም፤ ከሊቃውንት እንጂ ከስፌት ሠራተኛ አልጠበቅኩትም።)

ልጅ፦ ይህ ግን የሚያጽናና አይደለም።

አክስት፦ አያጽናናም ብልህ ውሸቴን ነው፤ ግን እንደ ከረሜላ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ «ያመነ አይነካም» የሚል ውል የተፈራረምን ይመስለኝ ነበር። ውኃው ሲመጣ ውሉን ያፈረሰው እሱ መሰለኝ። ለካ እንደዚያ ያለ ውል አልነበረም። ሦስቱ ልጆች እንኳ ለንጉሡ ያሉትን አስታውስ፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያደርገውም ግን ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። እሳቱ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ነው ያንን የተናገሩት፤ መዳናቸውን ሳያውቁ። እምነታቸው ያለው እዚያ ጋ ነው፣ መልአኩ ሲመጣ አይደለም።

ልጅ፦ ስለነሱ ማውራት ቀላል ነው እቴቴ፤ እነሱ ወጥተዋል። ታሪኩን የምናውቀውም ስለወጡ ነው።

አክስት፦ እንግዲያው ያልወጣ ልንገርህ። አቡነ ቴዎፍሎስ። ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረር ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ የኛው አገር ጳጳስ። አያትህ እጃቸውን ተሳልሟል። በ1968 ደርግ ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ አሠራቸው፤ በቦታቸው ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። አስበው፤ እሳቸው እስር ቤት ሆነው ቅዳሴ ላይ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። በ1971 ገደሏቸው። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በ1984 ጎፋ ገብርኤል አረፈ። ገብርኤል ቤት መሆኑን ልብ በል።

ልጅ፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው በ1971 ነው።

አክስት፦ የናንተው?

ልጅ፦ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ቀርቦላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን፣ አዲስ አበባ፣ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። የሳቸውም አጽም የተገኘው ከደርግ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ አሥር ዓመት ታስረዋል።

አክስት፦ አየህ፣ ደርግ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ብሎ አልለየም። እነዚህ ሰዎች እምነታቸው ያነሰ ነበር ልትለኝ ነው? ያ ሰባኪህ በነሱም ጆሮ «ፈትሹ» ይላቸው ነበር?

ልጅ፦ አይልም። ግን እቴቴ፣ ይህም አላረካኝም። እነሱ ሰማዕታት ናቸው፤ የሞቱለት ነገር አለ። ጉዲና መሄድ እየቻሉ ቀሩ፤ ቂርቆስም ቢክድ ይተርፍ ነበር። የኔ ጎማ ምን ሃይማኖት አለው? ደቻቱስ ትንሿን አክስቴን ሃይማኖቷን ጠይቆ ነው የወሰዳት? ከእሷ ጋር የሄደው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሕፃኑም ነው። ለምንም ያልሆነ ሞት ነው።

አክስት፦ (ቆየት ብላ) እዚህ ጋ እኔም መልስ የለኝም። ብዙ ሰው መልስ ሰጥቶኛል። አንዱ ኃጢአት ነው አለኝ፤ አንዱ ፈተና ነው አለኝ፤ አንዷ ደግሞ እሷን የወሰዳት ለበጎ ነው ብላኝ ቡናዬን ጠጥታ ሄደች። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከጎኑ አፈር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይም እግዚአብሔር የተቆጣው ሲያብራሩ በዋሉት ነው፣ ሲጮህ በዋለው በኢዮብ አይደለም።

ልጅ፦ ታዲያ ጉልበት ከየት አመጣሽ? ጥያቄው ካልተመለሰ?

አክስት፦ ከየትም ከየትም። በዚያ ፍልሰታ እኔ ምግብ አልሠራም፣ እሳት አላነድም። ማዶ ያሉት ጎረቤታችን፣ ሐጂዋ፣ በየቀኑ ሽሮ ይዘው ይመጣሉ። በዘይት የተሠራ፣ ቅቤ የሌለው። ጾም መሆኑን ከኔ ይልቅ እሳቸው አስታውሰው! እኔ ከአምላኬ ጋር ተኳርፌ ሳለ እስላሟ ጾሜን ጠበቁልኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዕድሩም ድንኳኑን ተከለ፣ ወንዶቹ አሸዋው ውስጥ ሲቆፍሩ ሰነበቱ። «እግዚአብሔር የት ነበር?» ስል የከረምኩት ሴትዮ፣ ሽሮው በራፌ ላይ ሲደርስ ጥያቄው አልተመለሰልኝም፣ ግን ብቻዬን አልጠየቅኩትም።

ልጅ፦ ይህ የሰው ደግነት ነው። ለማያምንም ሰው ጎረቤት አለው።

አክስት፦ አለው፣ እሰየው! እኔ የማወራልህ እኔን የያዘኝን ነው። እኔ የማምነው አምላክ ራሱ ተሰቅሎ ለምን ተውኸኝ ብሎ የጮኸ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ቢሆን ኖሮ በ1998 ተለያይተን ነበር። የተሰቀለ ስለሆነ ግን ስጮህበት ቋንቋዬን ያውቀዋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልችልም፤ መምህራን ጋ ሂድ።

ልጅ፦ ጥሩ፣ አንድ ሌላ። ከጎርፉ በኋላ ደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ያኔ አንድ ሰው በእግዚአብሔር ከታመናችሁ ግንቡ ለምን አስፈለገ ቢልሽ?

አክስት፦ እሱን ሰው አሸዋው ላይ አልጋ ዘርጋለት! ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ያለው ማን ነበር? ሰይጣን። ጥቅስ እየጠቀሰ! መታመን ማለት ግንብ አለመሥራት አይደለም። እንዲያውም ዛሬም ቢሆን ደመናው ከደንገጎ በላይ ሲጠቁር ወንዙ ዳር ያለውን ሰው ስልክ ደውዬ አስነሳዋለሁ፤ ጸሎቴ ከዚያ ይጀምራል። አንተስ? ፊዚዮቴራፒውን ለምን አቆምክ?

ልጅ፦ ማን ነገረሽ?

አክስት፦ ድሬ ነው እኮ ያለኸው።

ልጅ፦ ...ካመንኩ አያስፈልገኝም ብዬ ነው። መሄዴ ጥርጣሬ መሰለኝ።

አክስት፦ ዋይ! እኔ ፀበሌንም እጠጣለሁ፣ የደም ግፊት ኪኒኔንም እውጣለሁ፤ ሁለቱ ሆዴ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። ነገ ትሄዳለህ።

ልጅ፦ እሄዳለሁ። ግን አንቺም መልሽልኝ፤ ስለትሽስ? ይህን ከሰጠኸኝ ይህን አመጣለሁ ማለት ንግድ አይደለም? ጃንጥላው፣ ሻማው፣ ወርቁ... ራስ መኮንንም ቁልቢን ያሠሩት የዓድዋ ስለት ሰምሮላቸው ነው ይባላል።

አክስት፦ ንግድ የሚያደርገው ሞልቷል፤ አልከራከርህም። ደንጊያ ተሸክሞ አቀበቱን የሚወጣው ሁሉ ግን ነጋዴ አይደለም። አንዳንዱ ምስጋናውን የሚናገርበት አፍ ስለሌለው ትከሻውን ነው የሚሰጠው። እኔ ከእህቴ ወዲህ ስለት ተስዬ አላውቅም። እሄዳለሁ፣ እህቴን በስሟ አስጠራለሁ፣ እመለሳለሁ። ያላገኘሁትን ለማስከፈል አልሄድም።

ልጅ፦ በመላእክት ምልጃ አሁንም አልስማማም።

አክስት፦ አትስማማ። መኪና ግን ትሳፈራለህ፣ ታኅሣሥ ላይ ጓዜን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ልጅ፦ በክራንች?

አክስት፦ እዚያ በጉልበቱ የሚድህ ሰው አለ፣ አንተ በክራንች ታፍራለህ?

ልጅ፦ (ሳቅ) እቴቴ፣ የምሬን ነው። ሐኪሙ ከባድ መኪና ደግሜ ላልነዳ እንደምችል ነግሮኛል። ፍሬን የሚረግጠው እግሬ ነው። ባይድንስ?

አክስት፦ ባይድን ሹፌር አትሆንም።

ልጅ፦ በቃ? ይኸው ነው?

አክስት፦ እንዲድን እየጸለይኩ ነው፣ ሌሊት ሌሊት። ባይድን ደግሞ አትሞትም። ሞተሩን በድምፁ ብቻ የምታውቅ ልጅ ነህ፤ ጆሮህ አልተሰበረም። ታይዋን ሰፈር ጀርባ ያለው ጋራዥ ቁጭ ብሎ ሞተር የሚፈታ ሰው ይፈልጋሉ።

ልጅ፦ አንቺ ደግሞ... ሄደሽ ጠይቀሽልኛል እንዴ?

አክስት፦ ሰኞ ጠዋት ይምጣ ብለዋል። ከፊዚዮቴራፒው በኋላ።